ሳህን ላይ ያልታየው ዕጢ

ልጄ የምትደውልልኝ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ሳፈላ ነው። እሷ ባለችበት ሜሪላንድ ያን ጊዜ ገና ማለዳ ነው። እሷ ሻይዋን፣ እኔ ቡናዬን ይዘን እናወራለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን አንድ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ደወለች። «እማዬ፣ አትደንግጪ» ብላ ጀመረች። ይህን ሰምታ ያልደነገጠች እናት አላውቅም።

ሥራ ቦታዋ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል ወስደዋት ነበር። ሄሞግሎቢኗ ከ7 በታች ወርዷል። ወር በመጣ ቁጥር አሥር ቀን ያህል እንደሚፈስሳት ለእኔ፣ ለነርሷ እናቷ፣ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ለበዓል ፎቶ ስትልክልኝ ሁልጊዜ ጥቁር ሱሪ ወይም ጥቁር ካፖርት ለብሳ ነው። አገሩ ብርድ ስለሆነ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ለካ ነጭ መልበስ ፈርታ ኖሯል። ምርመራው ማህፀኗ ውስጥ ሦስት ማዮማ አሳየ፤ ትልቁ ብርቱካን ያህላል።

«አስወጪው» አልኳት ወዲያው። «ከነማህፀኑም ቢሆን አስወጪው። ነገ ዛሬ አትበይ።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ ሐኪሟ ከኦፕራሲዮን ሌላ መንገዶች እንዳሉ እንደነገረቻት፣ ከእነዚህም አንዱ ዕጢውን በአልትራሳውንድ ማቃጠል እንደሆነ ነገረችኝ። ሳቅሁ። ለ34 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውንም በእናቶች ክፍል። አልትራሳውንድ ያሳያል እንጂ አያክምም። «መስታወት ፊትሽን ያሳይሻል እንጂ አያጥብልሽም» አልኳት። ተቀይማ ስልኩን ዘጋችው። ሳምንት ሙሉ አልደወለችም። እሁድ መጣ፣ ቡናውን ብቻዬን ጠጣሁ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ የእሷ ነገር ብቻ አልነበረም። በ1989 ዓ.ም.፣ በ36 ዓመቴ፣ እኔም በዚሁ በማዮማ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ደሜ 6 ደርሶ የሥራ ባልደረቦቼ ደም ሰጡኝ። ዕጢውን ብቻ ያወጡልኛል ብዬ ገባሁ። ስነቃ ማህፀኔም የለም። ደሙ አልቆም ብሎ እንደሆነ ተነገረኝ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነፍሴን አትርፈዋል፣ በዚያ አልወቅሳቸውም። ግን ከመግባቴ በፊት «እንዲህም ሊሆን ይችላል» ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ነርስ ሆኜ አልጠየቅሁም። ባለቤቴን ግን ኮሪደር ላይ ጠርተው፣ በብረት ሳህን አድርገው አሳዩት።

ይህን ልማድ ታውቁታላችሁ። ከቤተሰብ አንዱ ይጠራና የወጣውን ያያል። «ይኸው፣ ይሄ ነበር» ይባላል። እኔም ስንቱን ሳህን ይዤ ወጥቼ ስንቱን ባል፣ ስንቱን ወንድም አሳይቻለሁ። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ በሞባይሉ ፎቶ ያነሳል። ሰው ሳህን ላይ ያየውን ያምናል። ያላየው ነገር ግን እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ «ዕጢው አይወጣም፣ እዚያው ባለበት ይሞታል» የሚለው የልጄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ራሴ ደወልኩላት። ስለ 1989 ነገርኳት፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ሐኪሟ የሰጠቻትን ወረቀት በሙሉ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። መነፅሬን አድርጌ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ እንደ ተማሪ ማንበብ ጀመርኩ።

የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ድምፅ ፅንስን ማሳየት ከመቻሉ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ መግደል እንደሚችል ታውቆ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖል ላንዥቫን የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ በድምፅ ለማግኘት ሲሞክር፣ መሣሪያው ከተነከረበት ውሃ ውስጥ በድምፁ መንገድ ላይ የነበሩ ዓሦች ሲሞቱ አየ። እጁን የከተተ ሰውም ያመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ዉድ እና ሉሚስ የተባሉ አሜሪካውያን ኃይለኛ ድምፅ ዓሣና እንቁራሪት እንደሚገድል ጽፈው አወጡ። በ1950ዎቹ ፍራይ የተባሉ ወንድማማቾች በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ድምፅን አንድ ነጥብ ላይ እየሰበሰቡ፣ አንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ ቦታን ለይተው ለማጥፋት ይሠሩ ነበር። የማህፀን ሐኪሙ ኢያን ዶናልድ የፅንስን ምስል በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ከዚህ ከመጨረሻው ጀምሮ ነው።

እርጉዝ ልጅ ወይም ምራት ያላችሁ እዚህ ላይ አትደንግጡ። ለእናቶች «ድምፅ ነው፣ ምንም አያደርግም» ስል ኖሬያለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ግማሹን ነው የነገርኳቸው። ለፅንስ ምርመራ የሚውለው ድምፅ ደካማ ነው። በጣም አጭር አጭር ሆኖ ይላካል፣ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ዝም ብሎ የሚመለሰውን ማሚቶ ያዳምጣል። ጉልበቱ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በአማካይ ከአንድ ዋት በታች ነው። ዕጢ የሚያቃጥለው ድምፅ ግን በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ከአንድ ሺህ ዋት በላይ ይሆናል። ልዩነቱ የድምፁ ቅጥነት አይደለም። እንዲያውም ለማዮማ የሚውለው በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲርገበገብ፣ የነፍሰ ጡር ሆድ የሚታይበት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሚሊዮን ይበልጣል። የእኛ ጆሮ ከሃያ ሺህ በላይ ስለማይሰማ ሁለቱም ለእኛ ዝምታ ናቸው። (ያም ሆኖ ለቪዲዮ ማስታወሻ ብላችሁ በየሳምንቱ ልጅቱን አልትራሳውንድ አታስነሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም እናት የሚመክረው ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ነው፤ ሐኪም ምክንያት ካለው ይጨምራል።)

እንዴት እንደሚሰበሰብ ልጄ ስታስረዳኝ «ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ዲሽ አስቢ» አለችኝ። መሣሪያው እንደ ዲሽ ጎድጎድ ያለ ነው። ከፊቱ ሁሉ የሚወጣው ድምፅ በየራሱ አቅጣጫ ደካማ ሆኖ ቆዳን ያልፋል፣ ጡንቻን ያልፋል፣ ሳይጎዳ። ሁሉም የሚገናኙት ግን ሆድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ላይ ነው። በልጅነታችን ክረምቱ ሲወጣ በአጉሊ መነፅር ፀሐይ ሰብስበን ወረቀት እናቃጥል አልነበር? መነፅሩን የያዘው እጅ አይሞቀውም፣ ወረቀቱ ይጨሳል።

ነጥቧ ላይ የዕጢው ሥጋ ይርገበገባል፣ መርገብገቡ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሴሎቹ በሰከንዶች ውስጥ ይሞታሉ። ለዶሮ ወጥ እንቁላል የቀቀለች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ነጩ አንዴ ከረጋ ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም። ትንንሾቹ የደም ሥሮችም አብረው ይዘጋሉ። አንዱ ተኩስ ለማዮማ ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጅና የሚያበስለው የባቄላ ፍሬ የምታክል ቦታ ነው። ከዚያ ዙሪያው እንዲቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያ ቀጥላ ያለችው። ጥልፍ እንደምትጠልፍ ሴት፣ ነጥብ በነጥብ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝታ ነው፤ ኤምአርአዩ ቦታውን ብቻ ሳይሆን የሙቀቱን መጠንም በዚያው ቅጽበት ያሳያቸዋል። በአሜሪካ ለማዮማ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያኔ ልጅ መውለድ ለጨረሱ ሴቶች ብቻ ተብሎ ነበር፤ በ2015 ማህፀናቸውን ማቆየት ለሚፈልጉም ሊታሰብ ይችላል ተባለ። ልጄ 36 ዓመቷ ነበር፤ አልወለደችም።

ሁሉም ሴት አይሆናትም። ድምፅ አየርንና አጥንትን አያልፍም፤ አንጀት ከፊት ከተጋረደ አንጀቱን ሊጎዳ ይችላል። የቆየ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ካለ ቆዳው ሊቃጠል ይችላል። ዕጢው በዝቶ ማህፀኑን ከሞላው፣ ወይም ውሃ የበዛበት ዓይነት ከሆነ አልሞቅም ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ በኤምአርአይ ይመረመራል፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ይመለሳሉ። ኢንሹራንስም ሁልጊዜ አይከፍልም። የልጄ መጀመሪያ እምቢ ብሎ፣ ሐኪሟ ሁለት ደብዳቤ ከጻፈች በኋላ ነው የተስማማው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሳህን የወጣ ዕጢ ለባል ከታየ በኋላ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ያ የእኛ መጨረሻ ማረጋገጫ ነው፤ ማዮማ የመሰለው ነገር ካንሰር ሆኖ የተገኘባቸው ጥቂት ቀናት በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። በድምፅ የሞተ ዕጢ ግን ማን ይመረምረዋል? ልጄን «ይህን ጠይቂያት» አልኳት። ሐኪሟ ትክክል ነው ብላ መለሰችላት። የሚወጣ ሥጋ ስለሌለ እርግጠኛ መሆን ያለባቸው አስቀድመው ነው፤ ምስሉ ትንሽ ቢያጠራጥራቸው ድምፁን ትተው ወደ ኦፕራሲዮን ይሄዳሉ። «እናትሽ ነርስ ናት መሰለኝ» አለቻት ደግሞ። ያን ቀን ታረቅን።

ሄድኩ። ቪዛዬ አልተቃጠለም ነበር። በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ሞልቼ ደረስኩ።

የሕክምናው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገባች። ካቴተር አስገቡላት፣ ሆዷ ላይ ያለውን ፀጉር ላጩላት፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጧት፤ ሙሉ በሙሉ አላስተኟትም። በሆዷ ተደፍታ፣ ከሥሯ መሣሪያው ውሃ ውስጥ አለ። እጇ ላይ አንድ መጫኛ ሰጧት፤ ካመማት ትጫናለች፣ ድምፁ ይቆማል። እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። ስንት ቤተሰብ በር ላይ አስጠብቄያለሁ፣ «አይዞአችሁ፣ ትንሽ ጠብቁ» እያልኩ! ወንበሩ ምን ያህል እንደሚጎረብጥ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሰባት ሰዓት ላይ ወጣች። ሁለት ጊዜ ተጭናለች። አንዴ ቆዳዋ ስለሞቀ፣ አንዴ ሕመም ወደ እግሯ ስለወረደባት። ከማህፀን ጀርባ፣ አጥንቱ አጠገብ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ የተኩሱን አቅጣጫ ቀይረው ቀጠሉ። ትልቁንና መካከለኛውን አደረጉላት። ሦስተኛው፣ ትንሹ፣ አንጀት ስለጋረደው ተወው።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ቀሚሷን ገልጬ ቁስል ፈለግሁ። እምብርቷ ሥር ትንሽ ቀላ ያለ ቆዳ ብቻ ነው ያለው። ፋሻ የለ፣ ስፌት የለ። እጄ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። ያን ጊዜ ሐኪሟ መጥታ በኮምፒውተር ምስሉን አሳየችኝ። መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተው ዳግመኛ ሲያነሷት፣ ደም የሚደርስበት ሥጋ ሁሉ ነጣ ብሎ ይታያል፤ በትልቁ ዕጢ መሐል ግን የጠቆረ ሰፊ ቦታ አለ። ደም የማይደርስበት፣ የሞተ። ልጄ አልጋው ላይ ሆና «እማዬ፣ ይኸው ሳህንሽ» አለችኝ።

ማታ ቤቷ ገባን። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች። እኔ በ1989 አርባ ቀን ተኝቻለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። በዕድራችን ያለች አንዲት ሴት ማታ መጣች፤ ባሏ ጉበቱ ላይ ካንሰር አለበት ተብሎ ሕክምና ጀምሯል። «ሲስተር፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል አሉ» ብላ ስልኳን ከፈተችልኝ። በቴሌግራም የደረሳት ቪዲዮ ነው፤ አንድ ሰው «ካንሰርን የሚገድል ድምፅ» የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል። ሆድ ላይ አስቀምጦ ማዳመጥ ነው፤ ኬሞውን መተው ይቻላል ይላል። ዋጋው የመኪናቸው ዋጋ ነው፤ መኪናውን ለመሸጥ ደላላ ጠርተዋል።

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ግን እሷን መቆጣት ምን ይጠቅማል? ቡና አፈላሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሚሰማ ድምፅ ዕጢ አይገድልም፤ ቢገድል ኖሮ የሠርግ ሙዚቃ ስንታችንን በጨረሰ። አንድ ነጥብ ላይ ያልተሰበሰበ፣ ቦታውን በምስል እያየ የሚመራው ሰው የሌለው፣ ከቆዳ ጋር በውሃ ወይም በጄል ያልተገናኘ ድምፅ ሆድ ውስጥ አይደርስም፤ አየሩ ያስቀረዋል።

ለጉበት የሚሆን እውነተኛው ግን መኖሩን አልደበቅኋትም። ከልጄ ሕክምና ይለያል፤ አያቃጥልም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዜን ሹ የተባለች ተመራማሪ ተማሪ ሳለች በአሳማ ልብ ላይ ስትሞክር፣ መሣሪያዋ የሚያሰማው ጩኸት ባልደረቦቿን አስመርሮ ነበር። ጆሮ እንዳይሰማው ብላ የተኩሱን ፍጥነት ጨመረችው፤ ሥጋው የባሰ ተሰባበረላት። ታሪኩን ራሷ ተናግራዋለች። ድምፁ በጣም አጭርና በጣም ኃይለኛ ሆኖ ሲላክ ሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች በደመና መልክ ይፈጠራሉ፣ ተለጥጠው ይፈነዳሉ፤ በፈነዱ ቁጥር ሴሎቹን ይቀዳድዳሉ። ዕጢው እንደ ሾርባ ይሆንና ሰውነት ቀስ እያለ ያጸዳዋል። ጠንከር ያሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ሂስቶትሪፕሲ ይሉታል፤ በአሜሪካ ለጉበት ዕጢ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነው። የሚሠራው ግን በምስል ለሚታየውና ድምፁ ለሚደርስበት ዕጢ ነው። በደም ወደ ሌላ ቦታ የሄደውን ተከትሎ አይዝም። በኬሞው ቦታ የሚገባ ነገርም አይደለም።

«ታዲያ ለእሱ ይሆነዋል?» አለችኝ። እሱን ሊመልስ የሚችለው ምስሉን የያዘው ሐኪም ብቻ ነው። የሕክምና ወረቀቱን አብረን አየን፤ ሳንባው ላይም ነጠብጣብ እንዳለ ተጽፏል። ማንም አልነገራት ኖሯል፣ ወይም ተነግሯት አልሰማችም። እኔ አነበብኩላት። ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር፣ ጡረታ ወጥቼም አልተወኝም። በማግስቱ ከባሏ ሐኪም ጋ አብሬያት ሄድኩ። ደላላውን መልሰውታል፤ ኬሞውን ቀጥሏል፤ አንዳንድ ቀን ይበላል፣ አንዳንድ ቀን አይበላም።

የልጄ ትልቁ ዕጢ አሁንም አለ። በስድስተኛው ወር ሲለካ በሲሶ ያህል ቀንሷል፤ ጭራሽ አይጠፋም አሉ፣ ይኮማተራል እንጂ። ዳግም ሊያድግ እንደሚችል፣ ሌላም ሊበቅል እንደሚችል ነግረዋታል። ያልተነካው ትንሹ በየዓመቱ ይታያል፤ ቀጠሮዋ መጋቢት ላይ ነው። ደሟ 12 ገብቷል። የልጅ ልጅ ነገር አልጠይቃትም፤ ምላሴን ነክሼ ይዤዋለሁ።

ለእንቁጣጣሽ ፎቶ ላከችልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፤ እኔ የሰጠኋት፣ ሰባት ዓመት ሻንጣ ውስጥ የኖረው። ከላይ እስከ ታች ነጭ። ስልኬ ላይ በሁለት ጣት አስፍቼ አየሁት።